በቀን አንድ ሚሊሜትር

መጀመሪያ የተሰማኝ የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ላይ ነው። ካልሲዬ ውስጥ አሸዋ የገባ መሰለኝ። ሚሊኒየማችንን ካከበርን ገና ወር አልሞላም ነበር። እኔ ቴክሳስ ውስጥ በዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ከመኪና ማቆሚያው ወደ ተርሚናሎቹ መንገደኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ እነዳለሁ። ተርሚናል ዲ ላይ ሻንጣ ተጭኖ እስኪያልቅ ጫማዬን አወለቅኩና ካልሲዬን ገልብጬ አራገፍኩት። ምንም አልወጣም። መልሼ ሳጠልቀው አሸዋው እዚያው አለ።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ሆዴን ክፉኛ አሞኝ ሦስት ቀን ከሥራ ቀርቼ ነበር። የሆድንና የእግር ጣትን ነገር ማን ያገናኛል? እኔም አላገናኘሁትም። በማግስቱ አሸዋው ግራ እግሬም ውስጥ ገባ። በሦስተኛው ቀን ፍሬን የያዝኩ መስሎኝ አልያዝኩም ነበር። አውቶቡሱ በቀስታ ሄዶ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ነካ። ማንም አልተጎዳም፤ አንዲት ሴትዮ ብቻ የያዘችው ለስላሳ ፈሰሰባት። ሞተሩን አጠፋሁና ቁልፉን ለተቆጣጣሪው ሰጠሁት። እግሩ ፍሬን መርገጡን የማያውቅ ሰው አውቶቡስ አይነዳም። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ በሙሉ እነዚያን እግሮች ስለማስመለስ ነው።

ስሜ ጌታሁን ነው። ያን ጊዜ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ይህን የምጽፈው ይኸው በሽታ ለያዘው ሰውና ለአስታማሚው ነው። የሐኪሞቹን ቃላት እንዳሉ ትቻቸዋለሁ፤ እናንተም ትሰሟቸዋላችሁና ከአሁኑ መልመዱ አይከፋም።

ባለቤቴ አስቴር በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የነርስ ረዳት ናት። ቤድፎርድ ያለው አፓርትማችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። መደገፊያውን በሁለት እጄ እየጎተትኩ ደረጃውን ስወጣ ከላይ ሆና አየችኝ። ትንሽ ልተኛበት፣ ካልለቀቀኝ ነገ እንሄዳለን አልኳት። የመኪናዋን ቁልፍ አነሳችና፣ መተኛት ከፈለግህ መኪናው ውስጥ ተኛ፣ እኔ እነዳለሁ አለችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር አስቴር ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። እኔ የምፈራት ዝቅ ስታደርገው ነው። ተከትያት ወረድኩ።

የነርቭ ሐኪሟ ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታችው። እግሬ አልዘለለም። ሌላውንም መታችው። ከጀርባዬ በመርፌ የአከርካሪ ፈሳሽ ቀዳች። ከሰዓት በኋላ ተመልሳ መጣችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቆመው ሲያናግሩኝ ከዋሉት መሃል የተቀመጠችው እሷ ብቻ ስለነበረች ነገሩ ከባድ መሆኑ ገባኝ።

«ጊያን ባሬ ሲንድሮም ይባላል» አለች። «የሰውነትዎ መከላከያ የሆድዎን ሕመም ሲዋጋ ቆይቶ፣ አሁንም ጠላት ያገኘ መስሎት የራስዎን ነርቮች እየመታ ነው።»

አስቴር ይድናል ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«አብዛኛው ሰው ይድናል። መጀመሪያ ግን ይብስበታል።»

ባሰብኝ። ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባል መድኃኒት በደም ሥር መስጠት ጀመሩ። ድንዛዜው ግን ወደ ላይ መውጣቱን አልተወም። ጉልበት። ታፋ። ወገብ። ነርሷ በየጥቂት ሰዓቱ እየመጣች የሳንባዬን አቅም ለማየት በአንድ ትንፋሽ ቁጠር ትለኛለች። በአማርኛ እቆጥራለሁ፤ እሷ ቋንቋው ስለማይገባት ጣቷን ታጥፋለች። በመጀመሪያው ቀን ሃያ ስምንት ደረስኩ። በማግስቱ አስራ ዘጠኝ። ልጃችን ሶስና ዴንተን ካለው ዩኒቨርሲቲዋ መጥታ እግሬ ሥር ቆማለች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አስራ አንድ። ከሰዓት ሰባት። ስምንት ልል አፌን ከፈትኩ። አልወጣም።

ቱቦ አስገቡልኝ። ማሽኑ ተነፈሰልኝ። አስራ አንድ ቀን። እጄ አይታዘዝም። ምላሴ አይታዘዝም። ሁሉን እሰማለሁ። አንሶላው እግሬን ሲነካኝ እንደ እሳት ያቃጥለኛል። ልነግራቸው አልችልም። አስቴር ግን ዓይኔን አይታ አወቀች። ማንንም ሳትጠይቅ አንሶላውን ከእግሬ ላይ ገለጠችው።

በአስራ ሁለተኛው ቀን ቱቦው ወጣ። ነርሷ ቁጠር አለችኝ። ዘጠኝ ደረስኩ። ሶስና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ ማገገሚያ ይባላል፤ ቃሉ ከሥራው ያጥራል። መጀመሪያ አንገቴ፣ ከዚያ ትከሻዬ፣ ከዚያ በታኅሣሥ መጨረሻ የእጄ አውራ ጣት ተመለሰ፤ በጥር በሁለት ብረቶች መሃል እየተደገፍኩ አራት እርምጃ ሄድኩ፣ ፊዚዮቴራፒስቱም ጨረቃን የረገጥኩ ያህል አጨበጨበልኝ። እጄ ትንንሽ ነገር ማንሳት እንዲለምድ ታዘዘ። አስቴር ምስር በትሪ አምጥታ ፊቴ ዘረገፈችና ልቀም አለችኝ። በዕድሜዬ ምስር ለቅሜ አላውቅም። አሁን በቀን ሁለት ጊዜ፣ አንድ ፍሬ ለማንሳት አንድ ደቂቃ እየፈጀሁ፣ እንደ አዲስ ሙሽራ እለቅም ጀመር። አስቴር በአጠገቤ ስታልፍ፣ ድንጋይ እንዳታሳልፍ፣ ጥርሴን አደራ ትለኛለች።

እጄ በፍጥነት ሲመለስ እግሬ ግን ከጉልበቱ በታች እንደ ደነዘዘ ቀረ። ሐኪሟ ነርቮቼን በኤሌክትሪክ መርምራ ውጤቱን አስረዳችኝ።

«የነርቩ ልባስ፣ ማየሊን የምንለው፣ ብቻ ሲጎዳ በወራት ይታደሳል። እጅዎ ላይ የሆነው እሱ ነው። ከጉልበትዎ በታች ግን ውስጡ ያለው ክር ራሱ ተጎድቷል። እሱ እንደ አዲስ ከላይ ወደ ታች ማደግ አለበት። በቀን አንድ ሚሊሜትር ገደማ፤ ካደገ።»

ቤት ስገባ አስቴርን የልብስ ስፌት ሜትሯን አምጪልኝ አልኳት። ከጉልበቴ እስከ አውራ ጣቴ ጫፍ ስልሳ ሁለት ሴንቲሜትር ሆነ። ስድስት መቶ ሃያ ቀን ማለት ነው። አጭር ነህ እየተባልኩ ነው ያደግኩት፤ ያን ቀን ግን እግሬ ረዘመብኝ።

አሁን የምናገረው የሚያሳፍረኝን ነው። ጋርላንድ ያለው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሽማግሌ ነኝ። በየካቲት በመራመጃ ተደግፌ ስገባ ምእመናኑ ቆመው እልል አሉ። ለአራት ወር ሙሉ ጾመው የጸለዩልኝ ሰዎች ናቸው። ማይክ ሰጡኝ። ጌታ ፈውሶኛል፣ ሕመሙም ሄዷል አልኩ። የመጀመሪያው እውነት ነበር። ሁለተኛውን ያልኩት ፊታቸውን አይቼ ነው። ያን ያህል ደስ ብሏቸው ቆመው፣ እግሬ እየነደደ ነው ማለት ምስጋና መንሳት መሰለኝ።

እግሬ ግን ይነድ ነበር። የደነዘዘ እግር እንዴት ያማል ትሉ ይሆናል፤ እኔም ብዬ ነበር። ሲነኩት መነካቱን አያውቅም፣ ይነካም አይነካ ግን ይቃጠላል፤ ጨርቅ ሲያርፍበት ይብሳል። ኒውሮፓቲክ ህመም ይሉታል። አስቴር ማታ ሥራ ስትገባ ብርድ ልብሱ እንዳይነካኝ የካርቶን ሳጥን እግሬ ላይ ደፍቼ እተኛለሁ፤ ሳትመለስ ሳጥኑን አልጋ ሥር እመልሰዋለሁ። ክሊኒክ ስሄድ ነርሷ ከዜሮ እስከ አስር ሕመምህ ስንት ነው ትለኛለች። ሁለት እላለሁ። ዜሮ ብል ይዋሻል ይሉኛል፤ አምስት ብል ምስክርነቴ ይፈርሳል። ሁለት ጥሩ ቁጥር ነበረች። አስቴር ስትጠይቀኝም ሁለት፤ የማክሰኞ ጸሎት ቡድን ቤት መጥቶ ሲጠይቀኝም እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪሟ ጋባፔንቲን የሚባል መድኃኒት ሰጥታኝ ነበር፤ የሰጠችኝም ሁለት ላለ ሰው የሚበቃውን ያህል ነው።

ሚስተር ዌይን የሚባሉ ሰው በፊዚዮቴራፒ አዳራሽ ከኔ አጠገብ ያለውን ብስክሌት ይነዱ ነበር። ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን መካኒክ ናቸው፤ ሮውሌት፣ ሐይቁ ዳር ይኖራሉ፤ ዳሌያቸው ተቀይሮላቸዋል። አንድ ቀን ለነርሷ ሁለት ስላት ሰሙኝ። ስትሄድ ጠብቀው፣ እኔ ፊትህን አይቼ ዘጠኝ ሰጥቼሃለሁ አሉኝ። ከስምንት ወር ወዲህ እውነቱን የተናገረ ሰው እሳቸው ብቻ ሆኑ። እንባዬ መጣ።

በሚቀጥለው ሳምንት ከማውራታቸው በፊት ግራ ቀኝ አዩ። ሚስታቸው በካንሰር ስትሰቃይ ለማቅለሽለሹና ለሕመሙ ብለው በቤታቸው ቁምሳጥን ውስጥ ማሪዋና ተክለውላት ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ መብራቱንም ዘሩንም አልነኩትም። ከፈለግህ ውሰደው አሉኝ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ አላልኳቸውም። ያን ጊዜ እግሬን የሚያበርድልኝ ከሆነ ድንጋይ ብላ ቢሉኝ እበላ ነበር። አንድ ረጅም መብራት፣ አንድ ትንሽ ማራገቢያ፣ መብራቱን በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋ መሣሪያ፣ በመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥም አራት ፍሬ ዘር ሰጡኝ።

በእኛ ዕድሜ ለሚጀምር ሰው ሕጉ ሌላ ነው አሉኝ፤ ምክራቸው ለማንኛውም ተክል ስለሚሆን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ወንበር አስገባ፣ ሌላው ሁሉ ከወንበሩ በኋላ ነው። ተክሉ መሬት ላይ አይቀመጥ፣ ጠረጴዛ ላይ በወገብህ ልክ ይሁን፣ ጎንበስ ብለህ ላትነሳ ትችላለህና። የውሃ ማጠጫው እስከ ግማሹ ብቻ ይሞላ። መብራቱ የማይግል ዓይነት ይሁን፤ ቆዳህ ሲቃጠል አይነግርህም። የማብራት የማጥፋቱን ነገር ለመሣሪያው ተውለት፤ ያንተንም የኔንም ትዝታ አላምነውም። እኚህ ሰው ሚስታቸውን እንዴት እንዳስታመሙ ከዚያ ምክር ብቻ አወቅሁ።

መትከያውን ያዘጋጀሁት ሶስና ጥላው በሄደችው ክፍል ቁምሳጥን ውስጥ ነው። ለአስቴር ለእጄ ልምምድ ዘር ልዝራ አልኳት፤ ግማሽ እውነት ስለሆነ ግማሽ ኃጢአት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ደስ ብሏት የጤና አዳምና የበሶብላ ዘር ከሰው ለምና አመጣችልኝ። ጤነኛ ሰው በአንድ ሰዓት የሚጨርሰው ሥራ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ማራገቢያውን ለመሰካት ብቻ አንድ ጠዋት ሄደ። ስድስት የፕላስቲክ ኩባያ አፈር ሞላሁ፤ ከሥራቸው ሳህን፣ በሳህኑ ላይ ውሃ እንዲወርድበት ጠጠር አደረግኩ። አራቱ ውስጥ የአስቴርን ዘር፣ ሁለቱ ውስጥ የሚስተር ዌይንን።

በአራተኛው ቀን ጠዋት መብራቱ በሰዓቱ ሲበራ ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ከሁለቱ በአንደኛው ኩባያ አፈሩ ተሰንጥቋል። ከስንጥቁ አንገቷን የደፋች ነጭ ነገር ወጥታለች፤ የዘሩን ቅርፊት እንደ ቆብ አጥልቃዋለች። ለምሳ ሄጄ ስመለስ አንገቷን ቀና አድርጋለች። ቆቡ ወልቆ ወድቋል። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። መርካቶ አጠገብ ተወልጄ አስፋልት ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ዘር ሲበቅል ቁጭ ብዬ አይቼ አላውቅም። ጡንቻ የላትም። አጥንት የላትም። የሚያዛት ሐኪም የለም። አፈር ገፍታ ወጣች። እኔ አንሶላ መግፋት አቅቶት የነበረው ሰውዬ ከፊቷ ተቀምጬ፣ ጌታ ሆይ ይህ ሁሉ በየቀኑ ሲሆን የት ነበርኩ አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማስመሪያ ይዤ እገባ ነበር። ሕጻኗ ተክል በቀን ስምንትና ዘጠኝ ሚሊሜትር ትረዝማለች። ቀናሁባት።

ሶስና ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች እግሬን ትመረምር ነበር። ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ እሷ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ከጉልበቴ ወደ ታች እየነካች፣ አሁንስ ትለኛለች። መሰማት ያቆመበት ቦታ ላይ በእስክሪብቶ መስመር ታሰምርና ትለካለች። በሰኔ መጀመሪያ አካባቢ መስመሩ ከጉልበቴ አስራ አራት ሴንቲሜትር ወርዶ ነበር። ካለፈው ሳምንት ስድስት ሚሊሜትር። ሁለታችንም እስክሪብቶዋን ትኩር ብለን አየናት። ቆዳዬ ውስጥ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ አንድ ክር መንገዱን ሳይስት እየወረደ ነው።

ያን ቅዳሜ ሹራቧን ልትሰቅል የድሮ ቁምሳጥኗን ከፈተች። ችግኞቹ የሁለት ሳምንት ልጅ ነበሩ፤ ጥርሳም ቅጠል አውጥተዋል። ከየት አወቀቻቸው ብዬ አልጠየቅኳትም፤ እሷም አልነገረችኝም። ተመልሳ መጥታ ፊቴ ቁጭ አለች።

«ዳዲ፣ አንተ ሲቲዝን አይደለህም እኮ» አለች። «ግሪን ካርድ ነው ያለህ። በዚህ ዲፖርት ያደርጋሉ። ማሚ ላይሰንሷን ታጣለች።»

ማን ያያል አልኳት።

«ኦኬ፣ ማንም አያይም። ግን ሲዲኤልህስ? ድራግ ቴስት አለው አይደል? ሶ፣ እግርህ ቢመለስ እንኳ ባስ መንዳት አትችልም። ማለቴ፣ ለምንድነው ታዲያ ይሄን መስመር የምንለካው?»

ሲዲኤል የምትለው የአውቶቡስ መንጃ ፈቃዴን ነው። አላሰብኩትም ነበር። ሦስት ዓመት በየጊዜው የሽንት ምርመራ ያደረግኩ ሰው አላሰብኩትም። ሕመም ሐሳብን እንዲህ ያሳጥራል።

አስቴር በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። ወደ ቁምሳጥኑ ሄዳ አየችና ተመለሰች። አልጋው ሥር ጎንበስ ብላ የካርቶን ሳጥኑን አወጣችና ፊቴ አስቀመጠችው። ከመቼ ጀምሮ እንደምታውቅ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

«ቱቦ አፍህ ውስጥ እያለ ገብቶኝ ነበር» አለች፣ ዝቅ ባለ ድምጿ። «አፍህ ሲፈታ ደበቅከኝ። የማላውቃቸው ሰዎች የት እንደሚያማቸው እየነገሩኝ ቀስ ብዬ አገላብጣቸዋለሁ። ለኔ ሁለት ነው ያልከኝ።»

ዘጠኝ ነው አልኳት። ራሴን ደረቷ ላይ ያዘችው።

ችግኞቹን የነቀልኳቸው እኔ ነኝ። ሶስና እኔ ላድርገው ብላ ነበር፣ እምቢ አልኳት። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የመጀመሪያዋን ግንድ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ያዝኩ። ቀዝቃዛ ነበረች። እርጥብ ነበረች። ቀጭን ጸጉር ነበራት። ከምስር ጋር ስድስት ወር የታገለችው እጄ ጸጉሯን ለየች። ምንም ጥፋት የለባትም፤ የበቀለችው ስለተተከለች ነው። አለቀስኩና ነቀልኳት። ሁለተኛዋንም ነቀልኩ። የቀሩትን ሁለት ዘሮች አስቴር ከተነቀሉት ጋር አስወገደች። ለሚስተር ዌይን እውነቱን ነገርኳቸው፤ አልተቀየሙም። መብራቱን ግን አትመልስልኝ፣ ባዶ ቤት ውስጥ ከሚያረጅ አብራበት አሉኝ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ አስቴር አብራኝ ገባች። ሐኪሟ ሕመምዎ ስንት ነው አለችኝ። ዘጠኝ አልኩ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

ስምንት ወር ሆነው አልኳት። የተከልኩትንም ነገርኳት፤ ከጀመርኩ አይቀር ልጨርሰው ብዬ።

«እሱ በቴክሳስ ላዝዝልዎ የምችለው ነገር አይደለም» አለች። «ማዘዝ የምችለውን ግን ገና አልሞከርነውም። እስካሁን ያከምኩት ሕመሜ ሁለት ነው ያለኝን ሰው ነው።»

ጋባፔንቲኑን በየሳምንቱ ቀስ እያለች ከፍ አደረገችው፤ ሌላ መድኃኒትም ጨመረችበት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ራሴ ዞረ፣ አፌ ደረቀ። በአራተኛው ሳምንት ሕመሙ አራት ላይ ወረደ። እውነተኛ አራት። የካርቶን ሳጥኑን አስቴር ቀዳዳ ካልሲዎቼን አድርጋበት ከቁምሳጥኑ በላይ ሰቀለችው።

በሐምሌ አንድ እሑድ ማይክ ለመንኩ። የካቲት ላይ የነገርኳችሁ ምስክርነት ግማሹ ነው አልኩ። ጌታ ከሞት አትርፎኛል፤ እግሬ ግን ያማል፤ ያኔ ዘጠኝ ነበር፣ ዛሬ አራት ነው፤ ዋሽቻችሁ ነበር፣ ይቅር በሉኝ። ስለ ተክሉ ለፓስተሩ ለብቻው ነግሬው ነበር። እልልታ አልነበረም። ጸሎቱ ሲያልቅ የሰማንያ ዓመት አዛውንት እማማ ብርቄ ክንዴን ይዘው ወደ ግድግዳው ወሰዱኝ።

«ልጄ፣ የኔ ወገብ ስምንት ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። «ለልጆቼም አልነገርኳቸው።»

ሰኞ ይንገሯቸው አልኳቸው። ከእሳቸው በኋላም ሰው ቁጥሩን እየያዘ ይመጣብኝ ጀመር፤ አንዱ የመኪና ማቆሚያው ውስጥ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ ስድስት ብሎኝ ሄደ።

ከዚያ ያለው ጊዜ ረጅምና ሰላማዊ ነው። በሶብላው አደገና ቁምሳጥኑን አልፎ ክፍሉን በሽታው አወደው፤ ጤና አዳሙ ሦስት ሳምንት አፈር ውስጥ ተደብቆ ተስፋ ስቆርጥበት ብቅ አለ፣ ቀስ ብሎም፣ ከኔ ነርቭ እምብዛም ሳይፈጥን፣ ቁጥቋጦ ሆነ። ጧት ጧት መብራቱ ሲበራ ገብቼ ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ፣ ግማሽ የሞላ ማጠጫዬን ይዤ ከኩባያ ወደ ኩባያ እሄዳለሁ፣ ከዚያ እግሬን ዘርግቼ የቅዳሜውን መስመር አያለሁ። ሳምንቱ አንዳንዴ አምስት ሚሊሜትር ይሰጠናል፣ አንዳንዴ አስር። አንድ ወር ሙሉ ቀጥ ብሎ ቆመና ሶስና ኮምፒውተሯ ላይ የያዘችውን ሠንጠረዥ ላለማሳየት ስትደብቀኝ ያዝኳት፤ በዚህ ቤት ቁጥር መደበቅ ቀርቷል አልኳት። መስመሩ በሚያዝያ ቁርጭምጭሚቴን አለፈ። ከጉልበቴ ተነስቶ፣ በጨለማ፣ ካርታ ሳይዝ፣ አጥንት ዞሮ፣ የራሱን መንገድ አግኝቶ ወረደ። የተርሚናል ሠሌዳ እያየሁ መንገድ የሚጠፋብኝ ሰው በራሴ ቆዳ ውስጥ እንዲህ ያለ ሹፌር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አሁን እነዳለሁ። ከሁለት ዓመት ከምናምን በኋላ ተፈትኜ ወደ አውቶቡሴ ተመልሻለሁ፤ ሽንቴም ንጹሕ ነው። ያስተነፈሰኝን ማሽን የሠራውን ሰው ስሙን አላውቀውም፣ እግዚአብሔር ይስጠው። ጣቷን እያጠፈች አማርኛዬን የቆጠረችውን ነርስ፣ እስክሪብቶዋን ያስቀመጠችውን ሐኪም፣ መብራታቸውን የሰጡኝን ሚስተር ዌይንን አመሰግናለሁ። በሳቸው አልፈርድም፤ ያደረጉት ከፍቅር ነው። የኔ ጥፋት ግን ከሐኪሜ ጋር መነጋገር የነበረብኝን ከቁምሳጥን ጋር መነጋገሬ ነው።

ድንዛዜ ከእግር ተነስቶ ወደ ላይ ከወጣባችሁ ልተኛበት አትበሉ፤ በዚያው ቀን ሂዱ። እግራችሁ ካልተመለሰ ጫማ ከማጥለቃችሁ በፊት ውስጡን በእጃችሁ ፈትሹ። መትከል ከፈለጋችሁ ሕግ የማይከለክለውን ትከሉ፣ ወንበሩን መጀመሪያ አስገቡ። ስንት ነው ሲሏችሁ ቁጥሩን ተናገሩ። እግዚአብሔር ይመስገን በሉ፤ ከዚያ ቀጥላችሁ ዘጠኝ በሉ። አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

መጨረሻ የምነግራችሁ አንድ ቅዳሜ አለ። መስከረም ነበር፣ ከመጀመሪያው አሸዋ ሁለት ዓመት ሊሞላ ቀናት ቀርተውታል። ሶስና ልትለካኝ ጫማዬን አስወልቃ እስክሪብቶ ፍለጋ ሄደች። አንዱ የበሶብላ ቅጠል ወደ መብራቱ ተጠግቶ ነበርና ላስተካክለው ተነሳሁ። ቀኝ እግሬ አውራ ጣት ሥር አሸዋ ገባ። ደነገጥኩ። እንደገና ጀመረኝ ብዬ አንገቴ ድረስ በረደኝ። ጠረጴዛውን ይዤ እግሬን አነሳሁ።

ጠጠር ነበር። ከሳህኑ የወደቀች እውነተኛ ጠጠር፣ ምስር የምታህል፣ ጣቴ ሥር ተለጥፋ።

አስቴር ከበሩ አየችኝና ምን ሆንክ ብላ መጣች። ወለሉን አይታ ገባትና ልታነሳልኝ ጎንበስ አለች።

«ቆይ» አልኳት፣ እግሬን መልሼ እያስቀመጥኩ። «እስቲ ትንሽ ትቆርቁረኝ።»